ለሁለት ሰው የሚሆን ደሴት

1985 ዓ.ም. ይመስለኛል። ከኦሞራቴ ወደ ጂንካ በሚመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ በደረቅ ዓሣ ጆንያዎች መካከል ተቀምጬ ነበር። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ከኋላዬ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያወራሉ። መልካቸውን አላየሁም፤ ወይም አይቼ ረስቼዋለሁ።

«ወንዙ የሚገባበት ሐይቅ መሐል ደሴት አለ» አለ ወንዱ። «ከታች እሳት ነው ያበቀለው።»

«ውሃ መሐል እሳት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አይጠፋም?»

ምን ብሎ እንደመለሰላት አላስታውስም። ብቻ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትወስደኛለህ?» አለችው።

በዚህ ጊዜ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ መልሱን ሳልሰማ ቀረሁ። ዞር ብዬ «ምን አልካት?» ብላቸው ስቀው ይነግሩኝ ነበር ይሆናል። አላልኩም። የሰው ወሬ መሐል አልገባም፤ እሰማለሁ እንጂ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ይህንንም ትሕትና አድርጌ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ፀደይንና አቤኔዘርን ባላውቅ ኖሮ እስከ መቃብሬ እንዲሁ ስቆጥረው እኖር ነበር።

ጂንካ ገበያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መተየብ ያስተማረኝ የለም፤ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ገዝቼ፣ አንዲት መዝሙረ ዳዊት ከፊቴ ዘርግቼ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ። ዛሬ ኮምፒውተር ሆኗል። ቤቱን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለአንድ አስጎብኚ ቢሮ አከራይቻለሁ። በዚያ በኩል የምትሠራው ፀደይ ናት። የጅምላ ነጋዴው የአቶ አለማየሁ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ኮምፔንሳቶው ድምፅ አያስቀርም። ስታስነጥስ «ይማርሽ» እላለሁ፤ እሷም ከማዶ «ያኑርዎ ጋሼ» ትለኛለች።

አቤኔዘር ደግሞ የዳርጌ ልጅ ነው። ዳርጌ ከጎፋ በኩል የመጣ ሰው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአቶ አለማየሁ መጋዘን ጆንያ ተሸክሟል። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ የአባቱን ምሳ ይዞ ሲመጣ ፀደይ በግቢው በረንዳ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እሷ በረንዳው ላይ፣ እሱ በመጋዘኑ በር ላይ። የሚተያዩት በዚያ ርቀት ነበር። ሲያድጉም ርቀቱ አልጠበበም፤ አተያያቸው ግን ሌላ ሆነ።

በኦሞራቴ የድልድይ ሥራ ሲጀመር አቤኔዘር በቀን ሠራተኛነት ገባ። የጠላቂዎቹ አለቃ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ልጁ ውሃ እንደማይፈራ አይቶ የአየር ሲሊንደር አሸከመው፣ አስተማረው፣ ከምሰሶዎቹ ሥር አወረደው። ጀርባው የደከመው ዳርጌም እዚያው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ጠላቂ ወደ ታች ሲወርድ ላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። አለቃው ብዙ ሰው ከሞከረ በኋላ፣ «ይህ ሰውዬ ይሻላል፤ እጁ አይቸኩልም» ብሎ ገመዱን ለዳርጌ ሰጠው።

ባለፈው ኅዳር ዳርጌ ለልጁ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነበርን፤ ሁለቱ የዳርጌ የቸርች ወንድሞች፣ ሦስተኛው እኔ። አቶ አለማየሁ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀበሉን፣ ሚሪንዳ አስቀዱልን፣ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ ሥራዋን ገና መጀመሯ ነው። ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም። አይሆንም።»

ተነሣን። ወይዘሮ ጤናዬ፣ የፀደይ እናት፣ እስከ በር ሸኙን። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀስ ብለው፣ «ደግሞ ብቅ በሉ እንግዲህ» አሉ።

እኔ ይህን ሰማሁ። ሁለቱ ወንድሞች ቀድመው ወጥተው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ዳርጌ ይጠራኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠራኝም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙም ገባ። እነ ዳርጌ አሳባቸውን ቀይረው ይሆናል አልኩና ዝም አልኩ። በኮምፔንሳቶው ማዶ ፀደይ ስልኳ ውስጥ አንድ ስም ስታጠፋ አላየሁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስታስነጥስ «ይማርሽ» ብላት መልስ መስጠት ተወች።

*

ሰኔ ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ የቢሮዋ በር ተከፈተ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ የወንድ ድምፅ።

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። 

«ምን ልታዘዝ?» አለች ፀደይ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ የመሥሪያ ቤት ድምፅ ነበር።

«ጉዞ ፈልጌ ነበር።»

«ወዴት? ማጎ ከሆነ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቷል። ዲመካ ከሆነ ሚኒባሱ መናኸሪያ ነው ያለው፤ እዚህ አይደለም።»

«ባሕር።»

«ምን?»

«ደሴት። እሳተ ገሞራ ያለበት ደሴት። ለመጥለቅ።»

«አቶ አቤኔዘር፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ቱሪስት ነኝ። ማንኛውንም ጉዞ እናመቻቻለን የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፋችኋል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነከስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድልድዩ አልቋል። አለቃው ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት፣ ለድርጅቱ ብዙ ሰዓት ውሃ ውስጥ የቆየው ጠላቂ ለሁለት ሰው የሚሆን የዕረፍት ጉዞ እንዲሸለም አድርጓል። ተሸላሚው አቤኔዘር ነው። ሦስት ደሴቶች ተጽፈዋል፤ አንዱን መርጦ፣ ከእሱ ጋር የሚሄደውን ሰው ስም ሞልቶ፣ ቅጹ በዚህ ሳምንት ዓርብ የሥራ ሰዓት ከማለቁ በፊት አዲስ አበባ ላለው ቢሮ በኢሜል መላክ አለበት። ዓርብ ካለፈ ሽልማቱ ቀረ።

«ለምን ሦስቱም እሳተ ገሞራ ሆኑ?» አለች፤ ወረቀቱን እያገላበጠች መሰለኝ።

«አለቃዬ ነው የመረጣቸው። እሳት ያበቀለው ደሴት ዳርቻው ገደል ነው፣ ጭቃ የሚያመጣ ትልቅ ወንዝ የለውም፣ ስለዚህ ውሃው ጥርት ይላል ብሎ ነው። ኦሞ ላይ ስለደከምክ ዓይንህ ይካስ አለኝ።»

ኮምፒውተሯን መነካካት ጀመረች።

«ይቺ ነጭ ነጭ ቤት ያለባት ሳንቶሪኒ ናት። ግሪክ። ቪዛ ለማግኘት አዲስ አበባ ሄደህ ትሰለፋለህ። የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የ... የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃሉ።»

«ውሃውስ?»

«ቀዝቀዝ ይላል። ዓሣም እንደ ልብ አይታይም ብለው የጻፉ አሉ። ጥቁር ድንጋይ ነው የሚታየው።»

«ጥቁር ድንጋይ ጠግቤያለሁ። ትለፈን።»

«ሬዩኒየን። እሳተ ገሞራው እስካሁን ይፈነዳል። ግን ሻርክ አለበት፤ ብዙ ቦታ መዋኘት ክልክል ነው።»

«አዞ ባለበት ወንዝ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ እኮ።»

«ለአንተ አይደለም የምልህ። አብራህ ለምትሄደው ነው።» ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «ለሁለት ሰው ይላል ወረቀቱ» አለች።

«አዎ። ለሁለት ሰው ነው።»

ዝናቡ በረታ። ሁለቱም እስኪቀንስ የጠበቁ መሰለኝ። ከሁለቱ አንዳቸውም ባሕር አይተው አያውቁም፤ እንደ ሸቀጥ ግን እያማረጡት ነበር።

«ኮሞሮስ» አለች በመጨረሻ። «ካርታላ የሚባል ተራራ አለ። ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ይሄዳል፣ ቪዛው እዚያው ስትደርስ ይመታልሃል። ኮራል የሚሉት አለ፤ በቀለም የተሞላ የባሕር ውስጥ አትክልት ይመስላል።»

«ዳርቻው ላይ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?»

«አንተ ምን አስጨነቀህ? ጠላቂ አይደለህ?»

«ማለቴ... መዋኘት የማታውቅ ሰው፣ እስከ ጉልበቷ ብቻ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ ፊቷን ብቻ ብትነክር፣ ዓሣ ታያለች?»

የፀደይ ጣቶች ሲያቆሙ ሰማሁ። ጣት ሲያቆም ይሰማል? ከኮምፔንሳቶ ማዶ ዓመታት የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል።

«ታያለች» አለች። «ቦታ ቦታ ላይ ታያለች ይላል።»

«እንግዲያው ኮሞሮስ ትሁን።»

«የሁለተኛ ተጓዥ ሙሉ ስም?»

«ባዶ ተይው።»

«ባዶ ቅጽ አይላክም። ስም የላትም?»

«አላት። ፈቃደኛ መሆኗን ግን ገና አላወቅኩም።»

«ትፈቅዳለች» አለች ፀደይ። «ከጂንካ ተነሥታ እንዲህ ያለ ባሕር ልታይ ምን ሆና እምቢ ትላለች? ደስ ይበላት። ዓርብ ሳይደርስ ስሟን አምጣ።»

መዋኘት የማታውቅ ሴት በጂንካ ውስጥ ስንት ሺህ ናት? ፀደይ ራሷ የምታውቀው ነሪ ወንዝን በድልድይ መሻገርን ብቻ ነው። ግን የተቆጣ ልብ ራሱን ከቁጥር አያስገባም። በሩ ተዘጋ። ማተሚያዋ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ለረጅም ጊዜ ማንም አላነሣውም።

*

አቤኔዘር ከእሷ በር ወጥቶ በእኔ በር ገባ። ጃኬቱ በስብሷል። ከደረቱ ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ አወጣ።

«ጋሽ ወንድሙ፣ ስልኬን ከዘጋች አምስት ወር ሆነ። ይቺን ይስጡልኝ። ካልተቀበለች ያቃጥሉት።»

«አንተ አሁን እዚያ አልነበርክም እንዴ? በመካከላችሁ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።»

«ልሰጣት ነው የገባሁት። ፊቷን ሳይ እጄ ከደረቴ አልወጣ አለ።»

ፖስታውን ሰጥቶኝ በዝናቡ ውስጥ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ማዶ ተሻግሬ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። ምንም አላልኩም። እሷም አልጠየቀችኝም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በኮምፔንሳቶው ጥግ በኩል ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ደብዳቤውን ዘርግታ ያዘችልኝ።

«ያንብቡት።»

«ልጄ፣ የሰው ደብዳቤ...»

«ሽማግሌ ሆነው ቤታችን የመጡት እርስዎ አይደሉም? ያንብቡ።»

አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦

«ፀደይ፣

ኦሞ ውስጥ ሁለት ዓመት ጠለቅኩ፤ አንድም ቀን ግን አላየሁም። ውሃው ወተት እንደበዛበት ሻይ ነው። ሁለት ሜትር ከወረድሽ በኋላ እጅሽን አፍንጫሽ ላይ ብታደርጊው አታይውም። ምሰሶውን የማነበው በጣቴ ነው። ስንጥቅ ካለ ጣቴ ያገኘዋል፣ ሲሚንቶው ከሳሳ ጣቴ ያውቀዋል። ሰው ጠላቂ ነህ ሲለኝ አፍራለሁ፤ ዓይነ ስውር ሆኜ ነው የሠራሁት።

አባቴ ላይ ሆኖ ገመዱን ይይዛል። አንዴ ስስብ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለቴ ስስብ ገመድ ጨምርልኝ። ሦስቴ ከሆነ አውጣኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቴ ስቤ አላውቅም። አባቴ በዚህ ይኮራል።

ኅዳር ላይ አባትሽ አይሆንም አሉ። አባቴም ሰማ። እኛ ቤት አይሆንም የተባለ ሰው ሁለተኛ ወደዚያ ደጅ አይመለስም፤ ተመለሰ ማለት የቤቱን ባለቤት ቃል ናቀ ማለት ነው። አባቴ ደግሞ አቶ አለማየሁን ያከብራቸዋል። ስለዚህ ዝም አልን። ዝምታችን ክብር መሆኑን ታውቂያለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ስልክሽን ዘጋሽ፤ ያን ጊዜ ያንቺም መልስ አይሆንም መሆኑ ገባኝ። እኔም ቃልሽን ላለመናቅ ብዬ ቀረሁ።

አሁን ደሴት ምረጥ ተባልኩ። ሦስት ቀን አሰብኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ሆኜ ዓይኔ ሊያይ ነው። የመጀመሪያውን ዓሣ አይቼ ቀና ስል፣ አየሽው ወይ የምላት ሴት ዳር ላይ ከሌለች፣ የኦሞ ጭቃ ይሻለኛል። አንቺ ውሃ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። እስከ ጉልበትሽ ብቻ ነው። እጅሽን እኔ እይዛለሁ።

ባዶውን ቦታ አንቺ ሙይው፤ ካልፈለግሽም ቅጹን ቅደጅው። እስከ ዓርብ ጂንካ አባቴ ቤት ነኝ።

አቤኔዘር»

አንብቤ ስጨርስ መነጽሬን አወለቅኩ።

«ጋሼ» አለች ፀደይ፤ «አባቴ እኮ ወንበር ያስወጣ ነበር።»

«ምን ወንበር?»

«እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮቱን ሳያወልቅ በረንዳው ላይ አምስት ወንበር ያስደረድራል። ሚሪንዳ በሣጥን አስገዝቷል። እማዬ ‹ማን ሊመጣ ነው?› ስትለው፣ ‹እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሰው ቢመጣስ?› ይላታል። ስድስት እሑድ! በሰባተኛው ወንበሮቹን ራሱ አንሥቶ አስገባ። ምን እንዳለ ልንገርዎ? ‹ልጄን እንደ አንድ ኩንታል ቦሎቄ ነው የጠየቋት። አይሆንም ሲባሉ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄዱ› አለ። እኔ በመስኮት እሰማ ነበር። ስልኩን የዘጋሁት የዚያን ቀን ነው። አንዴ ብቻ ተጠይቃ የምትተው ሴት መሆኔን የሰማሁት ያን ቀን ነው።»

በቆመችበት ደብዳቤውን አጥፋ ዘረጋችው፣ መልሳም አጠፈችው።

«የመጀመሪያው አይሆንም መልስ አይደለም እኮ» አለች። «የሴት ልጅ አባት በአንድ ጊዜ እሺ ካለ ልጁን አራከሳት ይባላል። ይህን ማን አያውቅም?»

«ዳርጌ አያውቅም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር» አለች።

አውቅ ነበር። የአባቴና የእናቴ ወገኖች ከላይ አገር የመጡ ናቸው፤ በእኛ ቤት ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ካልተመላለሰ ሠርግ ሠርግ አይመስልም።

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«አልጠየቁኝም» አልኩ።

ይህ መልስ ከአፌ ወጥቶ ሲሰማኝ ያ የጭነት መኪና ትዝ አለኝ፤ ከኋላዬ የቀረው ጥያቄም። ሰው ከእግዚአብሔር ጆሮ ሲሰጠው ምላስም አብሮ የተሰጠው ለካ በምክንያት ነው። በየማለዳው ገብርኤል ደጅ ቆሜ ስለ ክፉ ንግግሬ ይቅርታ እለምናለሁ፤ ስለ ዝምታዬ ግን አንድም ቀን ለምኜ አላውቅም።

ፀደይ ወደ ማዶ ሄዳ ቅጹን ይዛ ተመለሰች። ደሴቱ ተመርጧል፤ ኮሞሮስ። ከሥሩ፣ ሁለተኛ ተጓዥ በሚለው መሥመር ላይ፣ በቀጭኑ ተጽፏል፦ ፀደይ አለማየሁ።

«በእርሳስ ነው የጻፍኩት» አለች። «አባቴን አስቀይሜ የምሄድበት ባሕር የለም። ሽማግሌ ከተመለሰ በእስክሪብቶ እደግመዋለሁ። ካልተመለሰ ዓርብ ከሰዓት በላጲስ አጠፋዋለሁ። ጋሼ፣ እባክዎ።»

«እባክዎ» ያለችው እንደ ልጅነቷ ነበር። ጥላዬን አነሣሁ።

*

ዳርጌ ግን ቤቱ አልነበረም፤ በቆሎ ለማምጣት ካኮ ገበያ ሄዶ ሐሙስ ነው የሚመለሰው አሉኝ። ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሐሙስ ከሰዓት ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ዳርጌ ከቤቱ ክዳን ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይጠቀልላል፤ ያንን የጠላቂ ገመድ። ድልድዩ ሲያልቅ «ምን እንስጥህ?» ቢሉት «ገመዱን» ብሎ የወሰደው ነው። አቤኔዘር ደጃፉ ላይ ቆሟል። የገመዱ ጫፍ እግሩ ሥር ወድቋል።

ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። የመጀመሪያው አይሆንም ምን እንደሆነ፣ ወይዘሮ ጤናዬ በሩ ላይ ያሉትን፣ የአምስቱን ወንበሮች፣ የስድስቱን እሑዶች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ተናግሬ አላውቅም።

የዳርጌ እጆች ቆሙ።

«አይሆንም ብሎ ወንበር ያወጣል?»

«ያወጣል።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ ሰዎች።»

«ጌታ ሆይ» አለ ዳርጌ። «እኔ እኮ እሱን ማክበሬ ነው። ቃሉን ሁለተኛ እንዲናገር ማድረግ ስድብ ነው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እሳቸው ግን የተናቁ መስሏቸዋል። ሰባት ወር ሆነ፤ አሁን ሽማግሌ ብቻ ቢሄድ አይበቃም። እርስዎ ራስዎ መጥተው ‹ያልተመለስነው አክብረንዎት ነው› ሊሏቸው ይገባል። ሃይማኖቱ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እሱ በሌላ ቀን በሽማግሌዎች ይታያል። ነገ የሚያስፈልገው በሩን መክፈት ነው። እኔ ወሬውን እጀምራለሁ። ዝም አልልም።»

ዳርጌ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰው እልካለሁ። እኔ አልሄድም።»

«ጋሽ ዳርጌ...»

«ወንድሙ፣ ስማኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቤት ገብቻለሁ። ሳሎኑ ምን ቀለም እንደሆነ አላውቅም። በመጋዘኑ በር እገባለሁ፣ በመጋዘኑ በር እወጣለሁ። ያ ሰው ፊቴን ቢያይ ላያውቀኝ ይችላል፤ ጀርባዬን ነው የሚያውቀው። አሁን በየትኛው ፊቴ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ? እሱ ‹ና ዳርጌ፣ ያንን ጆንያ ወዲህ አድርገው› ቢለኝ እኮ ሳላስበው እነሣለሁ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ለዚህ ነው አንጀቴን የበላው። አቤኔዘር የአባቱን ውርደት እየሰማ ለራሱ ደስታ መለመን አልቻለም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር የገመዱን ጫፍ አነሣ።

አንዴ ሳበ። ገመዱ በዳርጌ መዳፍ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

ሁለቴ ሳበ። ዳርጌ ቀና አለ።

ሦስቴ ሳበ።

ከእግዚአብሔር በታች እማኙ እኔ ነኝ፤ የሰውዬው እጆች ከሐሳቡ ቀደሙ። ከበርጩማው ብድግ ብሎ፣ እግሮቹን ጭቃው ላይ ተክሎ፣ ያንን ገመድ እጅ በእጅ እያቀያየረ ይስብ ጀመር። ደረቅ መሬት ላይ የቆመውን ልጁን ከውሃ እንደሚያወጣ ሰው ሳበ። አቤኔዘርም ጫፉን ሳይለቅ እየተንገዳገደ መጣ፤ አባቱ ደረት ላይ ሲደርስ ግንባሩን ትከሻው ላይ ጣለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ትከሻ ስንት ጆንያ ተሸክሟል፤ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቼው አላውቅም።

«ሁለት ዓመት» አለ ዳርጌ፣ በልጁ ራስ ላይ። «አንድ ቀን ሦስቴ ስበህ አታውቅም።»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ውሃ ሥር ነበርክ?»

ዳርጌ በመዳፉ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«ዓርብ ቀን ሽማግሌ ይሄዳል?»

«በልማዱ አይሄድም፤ በእሑድ ነው» አልኩ። «ነገ ግን ይሄዳል።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ቅጹን እንልካለን።»

ዳርጌ ገመዱን ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ አኖረ። እጆቹን በሱሪው ጠረገ፤ አሁኑኑ የሚጨብጥ ይመስል።

«እሺ» አለ። «እሄዳለሁ። በፊት ለፊቱ በር እገባለሁ። ወንበሩ ላይም ቁጭ እላለሁ።»